ትምህርት ቤቱ «ጉድ» ሆነ

ሰላም አንባቢዎች። ባለፈው እትም «ስለ ልጆች ትምህርት ቤት የሚያስጨንቃችሁን ጠይቁ» ብለን ነበር፣ እናንተም አላሳፈራችሁንም። በኢሜይል፣ በዋትስአፕ፣ በቮይስ ሜሴጅ ላካችሁ (አንዲት እናት 11 ደቂቃ ሙሉ አውርታልናለች፣ መሀል ላይ ሽሮው ሲንተከተክ ይሰማል)። ከመጣው ውስጥ ብዙው ስለ ኦፍስቴድና ስለ ኮቪድ ስለሆነ ዛሬ ሌላውን ትተን እሱን ብቻ እናወራለን። ኦፍስቴድ ለማታውቁት፣ እንግሊዝ ውስጥ ትምህርት ቤቶችን እየዞረ ሚመረምረው የመንግስት መስሪያ ቤት ነው። ድሮ ለትምህርት ቤቱ ከአራት ግሬድ አንዱን ይሰጥ ነበር፣ ከላይ ወደ ታች አውትስታንዲንግ (እጅግ የላቀ)፣ ጉድ (በእንግሊዝኛ «ጥሩ» ማለት ነው)፣ ሪኳየርስ ኢምፕሩቭመንት (መሻሻል ያስፈልገዋል)፣ መጨረሻ ላይ ኢናዲኩዌት (ብቁ ያልሆነ)። እኔ ደሞ ደሴ 9 ዓመት ሂሳብ ሳስተምር ቆይቼ አሁን ለንደን አንድ ፕራይመሪ (አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) ውስጥ ቲኤ (ረዳት አስተማሪ) ሆኜ ምሰራ፣ የራሴ ልጆች ሚማሩበት ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ ደሞ የወላጆች ገቨርነር (ወላጆችን ወክሎ ቦርዱ ላይ ሚቀመጥ) የሆንኩ ሰውዬ ነኝ። የኦፍስቴድ ሰው አይደለሁም፣ የኔ ወንበር ያለው ከሚመረመሩት በኩል ነው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።

*

«ትልቋ ልጄ ስትገባ ትምህርት ቤቱ አውትስታንዲንግ ነበር፣ አጥሩ ላይ ትልቅ ባነር ነበረው፣ ቤት ስንከራይም እሱን ብለን ነው እዚህ ሰፈር በውድ የገባነው። አንድ ቀን ባነሩ የለም። ባለቤቴ ስልኩን እያየ "ትምህርት ቤቱ ጉድ ሆነ" ሲለኝ ደንግጬ ምን ጉድ መጣ አልኩት፣ ለካ ግሬዱን ነው። አሁን ትንሹን ሪሴፕሽን (የ4 ዓመት ልጆች ክፍል) ላስገባው ነው፣ ባለቤቴ ሌላ ቦታ እንፈልግ እያለ ነው። ያወረደው ኮቪድ ነው? ወይስ ኮቪድ ሰበብ ነው?»
— እናት፣ ከስቶክዌል

እህቴ፣ ጉዱ ላይ ብቻሽን አይደለሽም። እናቴ ከደሴ ደውላ «የልጆችህ ትምህርት ቤት እንዴት ነው?» ስትለኝ «ጉድ ነው እማዬ» ብያት «በስመአብ! ምን ተገኘበት?» ብላኛለች።

ባነሩን እርሺውና ሪፖርቱን ኢንተርኔት ላይ ክፈቺው፣ ከግሬዱ በፊት ቀኑን እዪ፣ የድሮው አውትስታንዲንግ መቼ የተሰጠ ነበር? እዚህ ጋ ብዙ ወላጅ ማያውቀው ነገር አለ። ከ2012 ጀምሮ አውትስታንዲንግ ያገኘ ትምህርት ቤት ከመደበኛ ምርመራ ነፃ ነበር። አንዴ ካገኘህ አገኘህ ነው፣ የሆነ አሳሳቢ ነገር ካልተሰማ በስተቀር ማንም መጥቶ በሩን አያንኳኳም። ሄድቲቸሩ (ርዕሰ መምህሩ) ይቀየራል፣ ጎበዞቹ አስተማሪዎች ይሄዳሉ፣ ያኔ ሪሴፕሽን የነበረው ልጅ ፂም ያወጣል፣ ባነሩ ግን እዛው ነው። ከ10 ዓመት በላይ ሳይታዩ የቆዩ አሉ። ከ10 ዓመት በፊት የተነሱትን ፎቶ አሳይቶ ሽማግሌ እንደመላክ በይው። ይሄ ነፃነት የተነሳው በኖቬምበር 2020 ነው፣ እስኪ ጊዜውን እዪልኝ፣ ልክ ኮቪድ መሀል!

ኢንስፔክሽኑ ራሱ ደሞ ቆሞ ነበር። በማርች 17 ቀን 2020 መደበኛው ምርመራ ታገደ፣ በዛው ሳምንት አርብ ትምህርት ቤቶች ለአብዛኛው ልጅ ተዘጉ። በዛ ዓመት መኸር ላይ ኢንስፔክተሮቹ ጉብኝት ጀመሩ ግን ግሬድ አይሰጡም ነበር፣ መጥተው ልጆቹ እንዴት ተመለሱ፣ ምን ጎደለ፣ ቤት የቀሩትን በምን እያስተማራችሁ ነው ብለው ጠይቀው ደብዳቤ ፅፈው ይሄዳሉ። ከዛ ጃንዋሪ 2021 ላይ እንደገና ተዘጋ (ከለንደን ውጪ ብዙ ፕራይመሪ ሰኞ ከፍቶ ማክሰኞ የዘጋበት፣ የለንደኑ ጭራሽ ያልከፈተበት፣ አስታወስሽው? እኔ የዛን ሰኞ የልጄን አዲስ ጫማ ነው ማስታውሰው፣ አንድ ቀንም ሳይደረግ ሳጥን ውስጥ ቀረ፣ ማርች ላይ ሲከፈት ጠበበ)። ሙሉው ግሬድ ያለበት ምርመራ የተመለሰው በሴፕቴምበር 2021 ነው። ስለዚህ ለስንት ዓመት ያልታዩት አውትስታንዲንጎች ሲታዩ ልክ ሁሉም ሰው ድካም ላይ በነበረበት ሰዓት ሆነ።

ምን ተገኘ? በ2021/22 የትምህርት ዓመት ከነዚህ ቀድሞ ነፃ ከነበሩት ውስጥ 370 ሙሉ ምርመራ ተደርጎባቸው 83 ከመቶው አውትስታንዲንጉን አጡ። 62 ከመቶው ወደ ጉድ ነው የሄዱት፣ 21 ከመቶው ከዛም በታች። እርግጥ መጀመሪያ የታዩት ረጅም ጊዜ ያልታዩት ናቸው፣ ያ ቁጥሩን ያከብደዋል። ደሞ መለኪያውም በ2019 ተቀይሯል፣ ድሮ የፈተና ውጤት ነበር ብዙውን ሚናገረው፣ አዲሱ ግን ልጁ ከሪሴፕሽን እስከ ዪር ሲክስ (የፕራይመሪው መጨረሻ ክፍል) በየትምህርቱ ምን በምን ቅደም ተከተል ይማራል ወደሚለው ዞረ።

እና ኮቪድ ነው ወይስ ሰበብ? እኔን ከጠየቅሽኝ በአብዛኛው ባነሩ ነው ያረጀው። ኮቪድ የለበትም አልልም፣ ግን «ኮቪድ አወረደን» ሚል ትምህርት ቤት ሲገጥመኝ መጀመሪያ የድሮውን ቀን ነው ማየው፣ 2009 ወይ 2011 ሚል ከሆነ ኮቪድን ተዉት እላለሁ በሆዴ።

ሪፖርቱ መጨረሻ አካባቢ ስለ ምርመራው መረጃ ሚሰጥ ክፍል አለ። የ2021ም የ2022ም ከሆነ ይሄ ወረርሽኙ ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያው መደበኛ ምርመራ ነው፣ ኢንስፔክተሮቹ የወረርሽኙን ተፅእኖ ከአመራሩ ጋር ተወያይተው ከግምት አስገብተዋል ሚል አረፍተ ነገር ታገኛለሽ። በየትምህርት ቤቱ ሪፖርት ቃል በቃል አንድ ነው፣ ማህተም በይው። ከሱ ብዙ አትጠብቂ። ዋናው ያለው የሪፖርቱ መሀል ላይ ነው፣ ምን ይሻሻል ተባለ ሚለው ጋ። እዛ ላይ ሚያስፈራሽ ሴፍጋርዲንግ ነው፣ ማለትም የልጆች ደህንነት አጠባበቅ፣ እሱ ጎድሎ ከሆነ የባለቤትሽን ሀሳብ እኔም እደግፋለሁ። «ጂኦግራፊ ላይ ቅደም ተከተሉ ገና አልተስተካከለም» ምናምን ከሆነ ግን ለዛ ብላችሁ ቤት አትቀይሩ።

ትንሹ ልጅሽ እኮ ኮቪድ ላይ ትምህርት ቤት አልነበረም፣ ጭራሽ ገና አልተወለደም ይሆናል። የ2022 ሪፖርት ስለ ትልቋ ክፍል ልጆች ነው ሚነግርሽ። ስለዚህ ለሱ ሲሆን ጠዋት ኦፕን ዴይ (ወላጅ ትምህርት ቤቱን ሚጎበኝበት ቀን) ሄደሽ ሪሴፕሽን ክፍሉ ውስጥ ቁሚ፣ ገና አፉን በደንብ ያልፈታ ወይ ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ ሚሰማ ልጅ ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን እንደሚያረጉ ጠይቂያቸው። መልሱ ውስጥ የሰው ስምና ሰዓት ካለ («ሚስ እገሌ በየቀኑ ጠዋት 15 ደቂቃ») ጥሩ ነው። «ሁሉንም ልጅ እንደ ልጃችን ነው ምናየው» ብቻ ከሆነ አመስግነሽ ውጪ።

*

«የምሰራው በርሚንግሃም ነው፣ ቲኤ ነኝ እንዳንተው። ትምህርት ቤታችን በ2022 ሪኳየርስ ኢምፕሩቭመንት ተባለ። እነዛን ሁለት ዓመት ማስክ አድርገን፣ ግማሻችን እየታመምን፣ ለቤተሰብ ምግብ ሳይቀር በር ላይ እያደረስን ነው ያሳለፍነው። ሪፖርቱ "ኮቪድን ከግምት አስገብተናል" ይላል። የቱ ጋ ነው ያስገቡት? እስካሁን ያናድደኛል።»
— ስሜ ይቅር ያለች፣ ከበርሚንግሃም

እህት አለም፣ ንዴትሽ ገብቶኛል፣ እሳት የበላው ያውቀዋል። እኔ ያለሁበትን ልንገርሽ ስሙን ሳልጠራ፣ ከዛ አንቺ ፍረጂ።

ለኛም ከኦፍስቴድ የተደወለው በ2022 ነው። ያኔ ስልኩ ከምርመራው አንድ ቀን በፊት ነበር ሚመጣው። የእረፍት ሰዓት ላይ ሄድቲቸሯ ስታፍ ሩም (የአስተማሪዎች ማረፊያ) ገባች፣ እጇ ላይ ሻይ አለ፣ «ደወሉ» ብቻ አለች። ማንም ምንም አላለም። አንዷ አስተማሪ ብስኩቱን ሻዩ ውስጥ ነክራ ስለነበር እዛው ቀልጦ ቀረ፣ እኔ እሱን እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ኢንስፔክተሯ ዪር 3 ያሉ ንባብ ሚከብዳቸውን ልጆች አምጡልኝ አለች፣ ይሄ ደምቡ ነው፣ ጎበዞቹን ሳይሆን ደካሞቹን ነው ሲያነቡ ሚሰሙት። አንዱን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። ያ ልጅ ማርች 2020 ሲዘጋ ዪር ዋን ነበር፣ ፎኒክሱን (ፊደልን ከድምፁ ጋ እያገናኙ ማንበብ ሚማሩበት) ገና ግማሽ ላይ። የጁን 2020 የፎኒክስ ፈተና ተሰረዘ፣ ዪር ቱ ሆኖ መኸር ላይ ተፈተነ፣ ከዛ ጃንዋሪ እንደገና ቤት። ቤቱ ውስጥ ለሶስት ልጅ አንድ የእናቱ ስልክ ነው ያለው፣ እሷ ደሞ ኬር ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ነው ምትሰራው፣ ስልኩ አብሯት ይሄዳል። እና ገፁ ላይ ናይት (night) ሚለውን ቃል ሲያገኝ አምስቱንም ፊደል አንድ በአንድ መጥራት ጀመረ፣ ን... ኢ... ግ... እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ኢንስፔክተሯ ፈገግ ብላ ጠበቀችው፣ ፃፈች።

ከዛ የንባብ ኃላፊዋን ስትጠይቃት «ለምን አያነብም?» አላለችም። «ይሄ እንደጎደለው መቼ አወቃችሁ? ከዛስ በሚቀጥለው ሰኞ ምን አረጋችሁ?» ነው ያለችው። ኃላፊዋ ኤክሴል ፋይሏን ከፈተች፣ ቀኑ አለ፣ 6 ልጆች አሉ፣ በየጠዋቱ ከሂሳብ በፊት 20 ደቂቃ፣ ማን ከየትኛው ድምፅ ወደ የትኛው እንደደረሰ። ልጁ አሁንም አያነብም እኮ! ግን ኢንስፔክተሯ ረካች። በነሱ ቋንቋ ኮቪድን ከግምት ማስገባት ማለት ይሄ ነው። የተመለሰልሽ ልጅ የት ጋ እንዳለ አውቀሻል ወይ፣ ካወቅሽ በኋላ የቱን አስቀድመሽ የቱን ተውሽ ነው እንጂ ጥያቄው «አይዟችሁ ጊዜው ከባድ ነበር፣ 10 ማርክ ጨምረናል» አይደለም። የ2020ና የ2021 በአስተማሪ የተሰጡ የፈተና ግሬዶችን ለመመዘኛ አይጠቀሙም ነበር፣ በኮቪድ ምክንያት የቀሩ ልጆች ያበላሹትን የመገኘት ቁጥርም በትምህርት ቤቱ ላይ አይቆጥሩም ነበር፣ ካሪኩለሙን ገና እየሰራ ያለ ትምህርት ቤትም የት ሊደርስ እንደሆነ በግልፅ ካሳየ ጉድ ማግኘት ይችል ነበር። መንግስት ለማካካሻ የሰጠው ብር (በ2020/21 በተማሪ 80 ፓውንድ ነበር) ምን ላይ ዋለ ሚለውም ይነሳል።

ከሰዓት ላይ ደሞ ሂስትሪ። የዪር 5 ልጆች ሰብስባ ባለፈው ዓመት ምን ተማራችሁ አለቻቸው፣ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «ሮማውያን... መሰለኝ?» አለ። የትምህርቱ ኃላፊ «እሱ ሳይሰጥ የወደቀው ሎክዳውን (በኮቪድ የተዘጋበት ጊዜ) ላይ ነው» አለ። ኢንስፔክተሯ «እሺ፣ መቼ ነው ሚመለሰው?» አለችው። ዝም። እዛች ዝምታ ላይ ነው ሪፖርቱ የተፃፈው። በንባብ የተመሰገንበት ኮቪድና በሂስትሪ የተወቀስንበት ኮቪድ አንድ ኮቪድ ነው፣ አንዱ ጋ ሰው ተከታትሎታል አንዱ ጋ አልተከታተለውም። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ያን ተርም ለታመሙ ሰዎች እየሸፈነ ሶስት ክፍል ነበር ሚሮጠው።

አሁን ያንቺ ጥያቄ። ሪፖርታችሁን እንደገና አንብቢው፣ ምን ይሻሻል ካለው ውስጥ የትኛው «ሎክዳውን ላይ ወደቀ» ሚባል ነው፣ የትኛው ከሎክዳውን በፊትም የነበረ ነው? ለራስሽ በሀቅ ለያቸው። እኔ ስለይ ግማሽ በግማሽ ነው የወጣልኝ።

ፍትሃዊ ነበር ወይ ካልሽኝ ግን፣ አልነበረም፣ ሙሉ በሙሉ። ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ በነደደበት ጃንዋሪ 2022 እንኳን፣ ከባድ ችግር ያለበት ትምህርት ቤት ይራዘምልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል ተባለ እንጂ ምርመራው ቀጠለ። እነሱም ምክንያት አላቸው፣ ወላጅ ለሁለት ዓመት ምንም ሳያውቅ ቆይቷል፣ ቤት ውስጥ የጠፉ ልጆችን ማን ያያቸዋል የሚል፣ እሱን አልንቀውም። ግን ዋናው ችግር ኢንስፔክተሯ ጋ አይመስለኝም፣ ያቺ ሴትዮ ከልጁ ጋ እንዴት እንደተቀመጠች አይቻለሁ። ችግሩ መጨረሻ ላይ ሁሉን ነገር በአንድ ግሬድ መጠቅለሉ ነው። ስድስቱ ልጆች፣ የእናትየው ስልክ፣ የእናንተ ምግብ ማድረስ፣ አራት ገፅ ሪፖርት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይገባል፣ «ሪኳየርስ ኢምፕሩቭመንት» ሚሉት ሁለት ቃል ውስጥ ግን አይገባም። ሰፈር ውስጥ ሚወራው ደሞ ሁለቱ ቃል ነው። በሪዲንግ ከተማ የነበሩ አንዲት ርዕሰ መምህርት ከ2022ቱ ምርመራ በኋላ ራሳቸውን አጥፍተው፣ በዲሴምበር 2023 አጣሪው ፍርድ ቤት ምርመራው ለሞታቸው አስተዋፅኦ እንዳለው ወሰነ። ከዛ በሴፕቴምበር 2024 ለመንግስት ትምህርት ቤቶች ያ አጠቃላይ ግሬድ ተነሳ። ዌልስ ቀድማ ነው የነቃችው፣ የነሱ መርማሪ መስሪያ ቤት ኤስቲን በ2022 ወደ ስራ ሲመለስ ግሬድ መስጠቱን ትቶ በፅሁፍ ብቻ ነው የመጣው። እንግሊዝ ያንን ያኔ ብታደርገው ምን ነበረበት?

*

«ልጄ ሰከንደሪ ሊገባ ነው። ትምህርት ቤቶቹን ኢንተርኔት ላይ ሳወዳድር ፕሮግረስ ኤይት ሚለው ባዶ ነው፣ የሁሉም! ይደብቃሉ እንዴ? ደግሞ አውትስታንዲንግ ሚለውም ጠፋብኝ።»
— አባት፣ ከሊድስ

ጋሼ፣ ማንም አልደበቀም። ፕሮግረስ ኤይት ማለት ልጁ ፕራይመሪ ሲጨርስ ከነበረበት ተነስቶ ጂሲኤስኢ (በ16 ዓመት ገደማ ሚፈተኑት አገር አቀፍ ፈተና) ላይ የት ደረሰ ሚል ልኬት ነው፣ ስለዚህ መነሻ ይፈልጋል፣ መነሻው ሳትስ ሚባለው የዪር ሲክስ አገር አቀፍ ፈተና ነው። ሳትስ ደሞ በ2020ም በ2021ም አልተሰጠም። ያኔ ዪር ሲክስ የነበሩት ናቸው በ2025 ጂሲኤስኢ የተፈተኑት፣ የ2021ዶቹ ደሞ በ2026። መነሻው ከሌለ እርምጃውን መለካት አይቻልም፣ ስለዚህ ለሁለቱም ዓመት ባዶ ነው። ይሄ ነገር እኔን በጣም ይገርመኛል፣ በሽታው ካለፈ ስንት ዓመቱ ነው፣ ቀዳዳው ግን ከልጆቹ ጋ አብሮ ክፍል እየቆጠረ ነው።

በሱ ፋንታ ሁለት ነገር ይዩ። አንዱ የመገኘት ነገር ነው፣ ከኮቪድ ወዲህ በጣም የተበላሸው እሱ ነው። ከትምህርቱ 10 ከመቶና ከዛ በላይ ሚቀሩ ልጆች በ2018/19 10.9 ከመቶ ነበሩ፣ በ2021/22 22.5 ከመቶ ደረሱ፣ በ2023/24 እንኳን ከ5 ልጅ አንዱ ነው። የትምህርት ቤቱን ቁጥር ከአካባቢው ጋ ያስተያዩት። ሁለተኛው፣ ትምህርት ቤቱ መነሻ የሌላቸውን ልጆች ዪር ሰቨን ሲገቡ በምን እንደለካቸው ይጠይቁ፣ አብዛኛው የራሱን ፈተና ሰጥቷል፣ ጥሩ ትምህርት ቤት መልሱ አፉ ላይ ነው።

አውትስታንዲንግ ደሞ ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ በሚደረጉት አዲስ ምርመራዎች የለም። ሪፖርት ካርድ ነው ሚሰጠው፣ በየዘርፉ ለየብቻው አምስት ደረጃ አለ፣ ከላይ ልዩ ከሚለው ጀምሮ ጠንካራ፣ የሚጠበቀውን ያሟላ፣ ትኩረት ሚፈልግ፣ መጨረሻ ላይ አስቸኳይ መሻሻል። ሴፍጋርዲንግ ለብቻው ተሟልቷል ወይም አልተሟላም ነው። «የሚጠበቀውን ያሟላ» ሚለውን አይተው እንዳይከፋዎት፣ ስድብ አይደለም። የሰፈርዎ ትምህርት ቤት አዲሱ ካልደረሰው የድሮውን ነው ሚያገኙት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አያወዳድሩ፣ ብርቱካንና ድንች ነው።

*

«እኔ እዚህ ደቡብ ወሎ ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ፣ መጽሔታችሁን በቴሌግራም ነው የማነበው። እኛ ጋ ኢንስፔክሽን ሲመጣ ስለ ኮሮና የጠየቀን የለም። ግብዓት፣ ሂደት፣ ውጤት ተደምሮ ደረጃ 2 ተባልን። እኛ ከኮሮና ቀጥሎ ጦርነቱም አለፈብን። እንግሊዞቹ ያረጉት ነገር ለኛ ይሆነናል?»
— ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ከደቡብ ወሎ

መምህር፣ የአገሬን ሰው ደብዳቤ ሳይ ደስ አለኝ፣ ጥያቄው ግን ያማል።

ለሌሎች አንባቢዎች፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን ግብዓትን ከ25፣ ሂደትን ከ35፣ ውጤትን ከ40 ይዞ ደምሮ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል፣ ደረጃ 3 ካልደረስክ መስፈርቱን አላሟላህም። ኮሮናም ጦርነቱም ቀጥታ ሚመቱት ያንን 40 ነው። ተማሪ አቋረጠ፣ ደገመ፣ ወደቀ፣ ሁሉም እዛ ውስጥ ነው። 25ቱንም አልተዉትም፣ ጦርነት ወንበርና መፅሐፍ እንደሚበላ እርስዎ ነዎት ሚነግሩኝ።

ከዚህ ወዲህ ዓመቱ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ሲዘጋ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ነው ቤት የገባው። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ላይ ትምህርት ነበር፣ የከተማ የግል ትምህርት ቤቶች ወርክሺት በቴሌግራም ይልኩ ነበር፣ ገጠሩ ግን አጨዳና ከብት ጥበቃ ሄደ። በ2013 ጥቅምት ላይ በዙር በዙር ሲከፈት ልጆቹ ወደ ሚቀጥለው ክፍል አልፈው፣ የ45 ቀን ማካካሻ ተብሎ፣ በፈረቃ ነው የጀመሩት። ዓመቱ ዞሮ በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ገባ፣ እስከ ህዳር መጨረሻ። የእርስዎ አካባቢ ልጅ ማለት እንግዲህ በሶስት ዓመት ውስጥ ሁለቴ የተቋረጠ ልጅ ነው። በ2012 አንደኛ ክፍል የነበረው ልጅ ሳያቋርጥ ሳይደግም ከመጣ በ2018 ሰባተኛ ነው፣ በ2019 የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ይቀመጣል፣ ፊደል በሚቆጥርበት ዓመት ነው የተዘጋበት።

የ12ኛ ክፍልን ያየነው ነው። የ2014ቱን ፈተና ከወሰዱት 3.3 ከመቶ ብቻ 50 ከመቶና ከዛ በላይ አመጡ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። የ2014ቶቹ ሲዘጋ አስረኛ ክፍል ነበሩ፣ የ2015ቶቹ ዘጠነኛ። ሁሉንም ግን ኮሮና ላይ መለጠፍ ውሸት ነው፣ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብቶ ኩረጃው ሲዘጋ የቆየው ገበና ነው የተገለጠው። ጦርነቱም አለ። ይሄንን ለያይቶ ሚነግረን ሰው ነበር ሚያስፈልገን፣ ደረጃ 2 ሚለው ቁጥር አይለያየውም። የእንግሊዙ ሁለት ቃልና የኛ ደረጃ በዚህ ወንድማማች ናቸው።

ይሆነናል ወይ ላሉት፣ ግሬዱን ትተን እንጎብኝ ሚለው በመመሪያ ሚወሰን ነው፣ እርስዎም እኔም አንወስነውም። ዙም ምናምኑንም ይተዉት። ከእንግሊዞቹ ሚወሰደው ያቺ ኢንስፔክተር የጠየቀቻት ጥያቄ ነች፣ መቼ አወቃችሁ፣ ከዛስ ምን አረጋችሁ። ማንም ባይጠይቅዎትም የመልሱን ወረቀት አዘጋጅተው ይጠብቁ። ግለ ግምገማ በየዓመቱ ትሞላላችሁ አይደል? እዛ ላይ «በኮሮናና በጦርነቱ ምክንያት የተማሪዎች ውጤት ዝቅ ብሏል» ብሎ ሚፃፈውን አረፍተ ነገር ያውጡት፣ ሁሉም ትምህርት ቤት ይፅፈዋል፣ ኢንስፔክተሩ አይኑ ለምዶታል፣ እንደዛ እንደ ኦፍስቴዱ ማህተም ነው። በሱ ፋንታ አንድ ክፍል ይምረጡ፣ ሰባተኛን ይምረጡ። ልጆቹን አንድ ገፅ አማርኛ ያስነብቧቸው፣ የአራተኛ ክፍል መፅሐፍ ይበቃል፣ በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበቡ ይመዝግቡ፣ ቀኑን ይፃፉበት። ከ60 ልጅ 20ው ካላነበበ 20ውን በስም ይያዙ፣ ማን በየትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሚይዛቸው ይፃፉ፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ያስነብቧቸው። ወረቀቱ ሁለት ገፅ አይሞላም። የክላስተር ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ቀድመው ያሳዩት፣ ኢንስፔክሽኑ ሲመጣ የሂደት ማስረጃ ብለው ያቅርቡት። 40ው ላይ ዘንድሮ ምንም አይጨምርልዎትም ይሆናል፣ 35ቱ ላይ ግን ይቆማል።

እኔም ደሴ እያለሁ እንደዛ አድርጌ አላውቅም፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ አማርኛ አያነብም ሚለው የአማርኛ አስተማሪው ጉዳይ ነው እል ነበር። በቃላት የተፃፈ የሂሳብ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ፅፌ ክፍሉ ሁሉ ዝም ሲለኝ ሂሳቡ የከበዳቸው ነበር ሚመስለኝ።

ሁለት ወሩ ሲያልቅ ስንቱ እንዳነበበ ይፃፉልን፣ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንይዝልዎታለን።